መብራት የሌለበት የመልስ ጉዞ

ሊድስ ውስጥ የኮንትራት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ሠርገኛ፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የመጣውን ሁሉ እጭናለሁ። ክሪኬት ግን ጨርሶ አይገባኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆመው፣ መሃል ላይ ምሳ በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ በስተመጨረሻ አቻ የሚወጡበት ነገር ምኑ ነው ጨዋታው እል ነበር።

ባለፈው ሰመር የዮርክሻየር (ሊድስ ያለችበት ካውንቲ) ክሪኬት ቡድን ደጋፊ የሆኑ ሽማግሌዎችን ጭኜ ወደ ሆቭ ወረድኩ። ሆቭ ከብራይተን ጋር የተያያዘች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከሊድስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው፤ የነዳህበትን ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ታኮግራፉ፣ ደግሞ ወሬ አቀባይ ነው፣ አይሸወድም። ቆመን ስናርፍ ከኋላዬ የተቀመጡት አዛውንት (በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው) ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱልኝና «ይህን መንገድ በጨለማ ነድተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ማታማ ስንቴ!»

«ማታ መች አልኩህ? ጨለማ ነው ያልኩህ።»

ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ሳነብ ከረምኩ።

ነገሩ የሆነው በ1939 ነው፤ ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በእኛ 1931 ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ካውንቲዎች (እንደ አውራጃ ያሉ ናቸው) በክሪኬት ሻምፒዮና የሚገጥሙበት ወቅት ሊያበቃ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዮርክሻየር በ1937ም በ1938ም ዋንጫውን ወስዷል፤ የዚያን ዓመቱም የእሱ ነው። አምበሉ ብራያን ሴለርስ ነው። ኳሱን በዱላው፣ በባት፣ ከሚመቱት ውስጥ ከአንድ ዓመት በፊት አውስትራሊያ ላይ ብቻውን 364 ያስቆጠረው ሌን ሃተን አለ። ኳስ ከሚወረውሩት ውስጥ ደግሞ ሄድሊ ቬሪቲ። ግራኝ ነው፣ ቀስ አድርጎ ነው የሚወረውር። ዝግታው ግን አያታልላችሁ። በ1932 ኖቲንግሃምሻየር ላይ 10 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ የተጋጣሚውን አሥር መቺዎች በሙሉ ከጨዋታ ያስወጣ ሰው ነው።

ጦርነቱ እየመጣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለጉብኝት የመጣው የዌስት ኢንዲስ ቡድን ሰባት ጨዋታ ሲቀረው ዕቃውን ሸክፎ መርከብ ተሳፍሯል። ለንደን ያለውን የኦቫል ሜዳ ጦሩ ወስዶታል። ሱሪ ከላንካሻየር እዚያ ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ ወደ ማንቸስተር ዞሯል።

ሆቭ ላይ ግን የአካባቢው ካውንቲ ሰሴክስና ዮርክሻየር ረቡዕ ነሐሴ 30 ጨዋታ ጀመሩ። ሰሴክስን ለዓመታት ላገለገለው ጂም ፓርክስ የተዘጋጀ ጨዋታ ነበር፤ ከበሩ የሚገባው ገንዘብ ለእሱ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ጥሎ መሄድ የሰው ዳቦ መንጠቅ ነው። የሰሴክሱ ጆርጅ ኮክስ 198 አስቆጠረ። ለሁለት መቶ ሁለት ሲቀረው! ጋሼ ይህቺን ሲናገሩ እስካሁን ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ዮርክሻየርም ሃተን 103፣ ያርድሊ 108 አግብተውለት በጥቂት ነጥብ አለፈ።

ዓርብ ጠዋት የሂትለር ጦር ፖላንድ ገባ። እነሱ ደግሞ ወደ ሜዳ ገቡ።

ያኔ የመጫወቻው ሣር ዝናብ ሲመጣ አይሸፈንም። እርጥቡ መሬት ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ይደርቅና ውስጡ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ያረፈች ኳስ መሬቱን ነክሳ ትነሳለች፤ ወዴት እንደምትታጠፍ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ቬሪቲም ሳያውቅ አይቀርም። 9 ነጥብ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጣ። ሰሴክስ በሙሉ ቡድኑ 33 ላይ ተጠቃለለ። በመጀመሪያው ዙር እኮ 387 ያገባ ቡድን ነው! ዮርክሻየር የቀረችውን ጥቂት ነጥብ አግብቶ አሸነፈ። አለቀ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክሪኬት ላይ አንድ ወርዋሪ በተራው የሚወረውረው 6 ኳስ ነው፤ «ኦቨር» ይሉታል። ያን ዓመት ለሙከራ 8 አድርገውት ነበር። ሙከራው ለሁለት ዓመት የታሰበ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሳይመጣ ቀረ።

እኔን ግን የያዘኝ ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው። በዚያው ቀን የከተማ ሕፃናትን ወደ ገጠር ማሸሽ ተጀምሯል፤ ሕፃናቱ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ልብሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ባቡር ጣቢያውን ሞልተውታል። የዮርክሻየር ቡድን ወደ ቤቱ የተመለሰው በአውቶቡስ ነው። ያን ምሽት ደግሞ መብራት የማጥፋቱ ትእዛዝ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። የመንገድ መብራት የለም። የቤቱ መስኮት ሁሉ በመጋረጃ ተደፍኗል። ዛሬ የምንነዳበት ፈጣን አውራ ጎዳና፣ ኤም ዋን፣ ገና አልተሠራም፤ የመጀመሪያው ክፍሉ የተከፈተው በ1959 ነው። በየከተማው መሃል ለመሃል እያቋረጡ ነው የሚኬደው።

አንዴ ገጠር መንገድ ላይ የፊት መብራቴ ድርግም ብሎ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ባዶ መኪና ነበር፣ ሰው አልጫንኩም። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከመሪው ላይ እጄን ሳነሳ መዳፌ በላብ ርሷል። መካኒኩ እስኪመጣ የገዛ ቦኔቴን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ያ ሾፌር ግን የእንግሊዝን ምርጥ ቡድን ከኋላው ጭኖ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ፣ እዚያ ማዶ ያለው ጥቁር ነገር ዛፍ ይሁን ሰው እየገመተ ሲነዳ ይታየኛል። ማንም ከኋላው የዘፈነ አይመስለኝም።

መንገድ ላይ አድረው በማግስቱ ሊድስ ገቡ። የመጨረሻው መውረጃ ሲቲ ስኩዌር ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው፣ «ጥቁሩ ልዑል» የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ልዑል ሐውልት በፈረሱ ላይ ሆኖ የቆመበት አደባባይ። የዮርክሻየር የባሕር ዳር ከተማ ስካርቦሮ ላይ ያኔ በየዓመቱ መስከረም ይደረግ የነበረው የክሪኬት በዓል ተሰርዟል። ሻንጣቸውን አወረዱ፣ ተሰነባበቱ፣ በየአቅጣጫው ሄዱ። እሑድ ጦርነቱ ታወጀ። ያ ቡድን እንደዚያ ሆኖ ዳግመኛ አልተሰበሰበም።

ሃተን ጦር ውስጥ ስፖርት ሲሠራ ግራ እጁ ተሰብሮ፣ ሲድን አጭር ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላም ግን ለእንግሊዝ ተጫውቷል። ፈጣኑ ወርዋሪ ቢል ቦውስ ሊቢያ ውስጥ ቶብሩክ ላይ ተማረከ። ቬሪቲ ሻምበል ሆኖ ሲሲሊ ላይ ሐምሌ 1943 ደረቱን ተመታና ጀርመኖች እጅ ወደቀ። ካዘርታ በምትባል የጣሊያን ከተማ ሐምሌ 31 ቀን አረፈ። ዕድሜው 38 ነበር። የሆቩ ዓርብ የመጨረሻው የካውንቲ ጨዋታው ሆነ። እኔን እንደ ሐበሻ የገረመኝ፣ ያን የ1939 ሰመር ጃንሆይ እዚሁ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ። እሱ ካዘርታ ሲቀበር እሳቸው አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ሻምፒዮናው በ1946 ሲመለስ ዋንጫውን ማን ወሰደ? ዮርክሻየር። አምበሉም ያው ሴለርስ።

ከሆቭ ስንመለስ ማታ ነበር፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ። ተሳፋሪዎቼን ጣቢያው አካባቢ አወረድኳቸው። ጋሼ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መጨረሻ ወረዱ። ሻንጣቸውን አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። መኪናውን ሳጸዳ ቴርሞሳቸውን ወንበሩ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። አጥቤ ከጎኔ አስቀምጬዋለሁ። መስከረም ላይ የስካርቦሮ ጉዞ አለን፣ ያኔ እሰጣቸዋለሁ።