ከርዳዳ ፀጉርን ቤት ውስጥ መቁረጥ፦ ደርቆ፣ ሳይበጠር፣ ዘለላ በዘለላ

በብዙ ፀጉር ቤቶች ጫፍ የሚቆረጠው ፀጉሩ ታጥቦ፣ በካስክ ደርቆ፣ በፎን ተስቦ ሉጫ ከሆነ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት መስመሩ ያምራል። ውሃ ነክቶት ወደ ራሱ ጥቅልል ሲመለስ ግን አንዱ ጎን ጆሮ ላይ ይቀራል፣ ሌላው አገጭ ይደርሳል። የቆራጩ እጅ ጥፋት ላይሆን ይችላል። አንድ ራስ ላይ ያለ ፀጉር ሁሉ እኩል አይጠቀለልም፤ የማጅራቱ ብዙ ጊዜ ጠበቅ ይላል፣ የአናቱ ላላ ይላል፣ ግንባርና ጆሮ አጠገብ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። ተስቦ እኩል የተቆረጠ ፀጉር ሲሰበሰብ እኩል የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ፀጉር የሚቆረጠው በሚውልበት መልክ ነው። ጥቅልሉን ለቃችሁ የምትወጡ ከሆነ እንደተለቀቀ፣ ጎፈሬ የምታደርጉ ከሆነ ጎፈሬ ሆኖ፣ ዓመቱን ሙሉ በፎን የምትስቡት ከሆነ ተስቦ ይቆረጥ። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ ነው፤ የጎፈሬውን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። አንድ ዘለላ ሳትጎትቱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ለኩ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ እስኪዘረጋ ሳቡትና ድጋሚ ለኩ። ሳይጎተት 10፣ ተስቦ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፀጉራችሁ በግማሽ ይሰበሰባል ማለት ነው። ይህን ማጅራት ላይ፣ አናት ላይ፣ ግንባር ላይና ጆሮ አጠገብ ለኩና ጻፉት። ላላ ያለ ጥቅልል ሩቡን ያህል ብቻ ሊሰበሰብ ይችላል፤ በጣም የጠበቀ ከርዳዳ ግን እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ያጥራል። አሜሪካዊው ፀጉር ሠሪ አንድሬ ዎከር የጀመረውን፣ በኋላ ሌሎች ያሰፉትን የ“3ሲ”፣ “4ኤ”፣ “4ሲ” የጥቅልል ዓይነት አከፋፈል ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሻምፖና ቅባት ለመምረጥ ይረዳ ይሆናል። መቀስ ለያዘ ሰው ግን ከፊደሉ ይልቅ ይቺ በሜትር የተገኘች ቁጥር ትጠቅመዋለች።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው በአንድ ነገር አይስማሙም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሎሬይን ማሲ ፀጉሩን ደረቅ አድርጎ ዘለላ በዘለላ መቁረጥን ስታስፋፋ፣ እዚያው ከተማ ሳሎን የከፈተችው ዊዳድ በእርጥቡ መቁረጥን መርጣለች። ሁለቱም በሚያውቀው እጅ ይሠራሉ። ለቤት ግን ደረቁ ይሻላል የምለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ፀጉር ውሃ ሲጠጣ በውስጡ ቅርጹን የሚይዙት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይላላሉ፣ የውሃው ክብደትም ወደ ታች ይጎትተዋል። እርጥቡን 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ስታበቁ፣ ሲደርቅ የት ላይ እንደሚቆም የሚነግራችሁ የዓመታት ልምድ ብቻ ነው። በደረቁ ግን የምታዩት ያው የምታገኙት ነው።

መቀሱ የፀጉር መቀስ ይሁን፤ ከ14 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። የወጥ ቤትና የወረቀት መቀስ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ አጥፎ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ደግሞ ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ስለቱን ለመፈተን አንድ ሶፍት ውሃ ነክራችሁ ቁረጡ። ጥርት አድርጎ ከቆረጠው ጥሩ ነው፤ ካጠፈው ወይም ከጎተተው ለፀጉር አይሆንም። መጋጠሚያው ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ፣ ስለቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ለጨርቅና ለላስቲክ እንዳይነካ ለቤተሰቡ ተናገሩ። አያያዙም ቁም ነገር አለው፤ አውራ ጣት በአንዱ ቀለበት፣ የቀለበት ጣት በሌላው ይገባል፣ የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣት ብቻ ነው። አምስቱም ጣት ከተንቀሳቀሰ መቀሱ ይዋልላል፣ መስመሩም አብሮት።

ባለ ጥርስ መቀስ፣ ማለትም ማሳሻውን፣ እዚያው ሱቁ ተዉት። ለሉጫ ፀጉር የተሠራ ነው። በዘለላው መሀል አጫጭር ፀጉሮችን ስለሚተው እነሱ ከጥቅልሉ አፈንግጠው ይቆማሉ፤ ለወራት የማይተኛ ብናኝ ፀጉር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ምላጭም ያው ነው፤ የፀጉሩን ልጣጭ ይፍቃል።

ዝግጅቱ ከቆረጣው በፊት ባለው ቀን ይጀምራል። ቅቤም ሆነ ዘይት ካለበት በሻምፖ ሁለቴ ታጥቦ ይውጣ፤ የተቀባ ፀጉር ከብዶ ስለሚንጠለጠልና ዘለላዎቹ ስለሚጣበቁ እውነተኛ ርዝመቱን አያሳይም። ኮንዲሽነር አድርጉና፣ ኮንዲሽነሩ እያለበት ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ፍቱት። ታጥቦ ከወጣ በኋላ ጄልም ክሬምም አይቀባ፣ አይጎንጎን፣ በላስቲክም አይታሰር። ዝም ብላችሁ ልቀቁትና ይድረቅ። ወፍራምና ብዙ ፀጉር ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ውጩ ደርቆ ማጅራቱ ውስጥ እርጥበት ከቀረ፣ እርጥቡ ቦታ ረጅም መስሎ ይታያችኋል፣ እሱን አብዝታችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ማታ ሲደርቅ ጉድጓድ ይሆናል። ጣታችሁን እስከ ራስ ቅላችሁ ድረስ አስገብታችሁ ቅዝቃዜ ካለ ጠብቁ።

ቦታው መስኮት ፊት ለፊት ይሁን። ከፊት አንድ ትልቅ መስታወት፣ ለኋላው አንድ የእጅ መስታወት ይበቃል። ኋላውን ግን በመስታወት እያያችሁ አትቁረጡ፤ ሁለት መስታወት ሲደራረብ እጅ አቅጣጫ ይጠፋዋል። ለመቁረጥ ጣታችሁን እመኑ፣ ለማየት መስታወቱን ወይም የስልክ ቪዲዮ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ መቁረጡ። ፀጉሩን ሁልጊዜ በምትከፍሉበት መስመር ክፈሉት፤ አይበጠር። ከጆሮ እስከ ጆሮ በኋላ በኩል በጣት መስመር አውጡና ከላይ ያለውን ሁሉ በመያዣ ሰብስቡ። የቀረው የማጅራት ፀጉር ነው፤ የታችኛውን ድንበር የሚሠራው እሱ ስለሆነ ከዚያ ይጀመራል። አንድ ዘለላ ብቻ ውሰዱ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል። ሁለት ጣት መሀል ያዙት እንጂ አትጎትቱት፤ ከተጎተተ ጥቅልል ሞላ ነውና እንደለቀቃችሁት ይሸሻል።

ዘለላውን ልብ ብላችሁ ብታዩት እየዞረ ሲወርድ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይታጠፋል። መቀሱ የሚያርፈው ወደ ውስጥ መታጠፍ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የተቆረጠ ጫፍ ወደ አንገት ዞሮ ከጎረቤቱ ጋር ይተኛል። ወደ ውጭ በሚወጣበት ከተቆረጠ ጫፉ እንደቆመ ይቀራል፤ “ፀጉሬ ከተቆረጠ በኋላ ተበተነ” የሚሉ ሰዎች ችግር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከየዘለላው በመጀመሪያው ዙር ከ1 ሴንቲ ሜትር አትለፉ። የታሰበው 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም እንኳ 1 ቆርጣችሁ፣ ለቃችሁ፣ አይታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። በተለይ ላላ ያለና ረጅም ፀጉር ጫፉ ሲነሳለት ክብደቱ ቀንሶ ከተቆረጠው በላይ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

ማጅራቱ ሲያልቅ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው ፀጉር ከላይ ልቀቁ፣ እሱን ከታችኛው ጋር እያስተያያችሁ ቀጥሉ። ጎኖቹ ላይ ስትደርሱ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ እያላችሁ ተመላለሱ። ራሳችሁን ቀና አድርጉ። ራስ ዘንበል ካለ ፀጉሩም ዘንበል ብሎ ይቆረጣል።

አቋራጭ የሚባለውን መንገድ፣ ፀጉርን ሁሉ ግንባር ላይ ሰብስቦ አስሮ በአንድ ጊዜ መቁረጥን፣ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። አሠራሩን ካያችሁት ውጤቱ አያስገርምም፤ ወደ መቁረጫው ቦታ ሩቅ የሚጓዝ ፀጉር ረጅም ሆኖ ይቀራል። ማጅራቱ ከሁሉም ሩቅ ነውና ረጅም ይሆናል፣ ግንባሩ ቅርብ ነውና ያጥራል። በሉጫ ፀጉር ላይ ይህ ልዩነት ለስላሳ ተዳፋት ይመስላል፤ በከርዳዳ ላይ ግን ደረጃ ሠርቶ ይታያል። የኋላውን ፀጉር በሁለት ትከሻ ወደ ፊት አምጥቶ ቀጥ አድርጎ መቁረጥም በዚሁ ምክንያት ጀርባ መሀል ላይ ሹል ጫፍ ይተዋል። ሹሉን ፈልጋችሁት ከሆነ ደግሞ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው።

ከላይ ተኝቶ ከታች እንደ ድንኳን የሚሰፋ ፀጉር ያላችሁ፣ ጥፋቱ ከታች ያለ ስለሚመስላችሁ ታችኛውን ታሳጥራላችሁ። ያኔ ይብስበታል። የሚሰፋው ሁሉም ዘለላ አንድ መስመር ላይ ስለሚያበቃና የላዩ በራሱ ክብደት ስለተጫነ ነው። መፍትሔው ከላይ ነው፤ የላይኛውን ረድፍ ዘለላዎች ከሥራቸው ካለው ረድፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩ፣ ወደ ታች ስትወርዱ ልዩነቱን እያጠበባችሁ ሂዱ። አናቱን መጨረሻ ላይ፣ በጥቂቱ ብቻ ንኩት። እዚያ ያለ ፀጉር በጣም ካጠረ የሚጫነው ክብደት ስለሌለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ያንን ለማስተኛት ወራት ይፈጃል።

ግንባር ላይ የሚወርደውን ከተቀረው ሁሉ በኋላ አድርጉት፣ እዚህ ላይ ያ በሜትር የለካችሁት ቁጥር ሥራውን ይሠራል። ከፀጉር መብቀያው እስከ ቅንድብ 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ግንባራችሁ ላይ ያለው ፀጉር በግማሽ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ተስቦ 14 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ማለትም ተጎትቶ አፍንጫ አልፎ ወደ አፍ ይደርሳል። ለጥንቃቄ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ተዉት።

ጎፈሬ ለሚያደርጉና ጥቅልሉ በጣም ለጠበቀ፣ ዘለላ በዘለላ የሚለው አይሠራም፤ ዘለላው ራሱ አይለይም። ፀጉሩን በሚዶ ከሥር ወደ ውጭ አበጥራችሁ አንሱት፣ በመዳፍ ዙሪያውን ደብደብ አድርጉና ቅርጹን አዩ። መቀሱ ወደ ራስ ቅል ሳያመለክት፣ ከቅርጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ወጣ ያለውን ብቻ ይቁረጥ። ከስድስትና ሰባት ቁርጥ በኋላ ደግሞ በሚዶ አንሱ፤ የተደበቀው ያኔ ይወጣል። ከጆሮ በላይ ያለውን ቦታ ብዙ ሰው አብዝቶ ስለሚቆርጠው እዚያ እጃችሁ ይቆጠብ። ጫፉን ብቻ ማጽዳት ለፈለገ ደግሞ ማታ ከ20 እስከ 24 ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ለሁለት አድርጎ እርስ በርሱ ጠምዝዞ ማደር ይበቃል። ጠዋት እያንዳንዱ ጥምዝ የሚሳሳበት ቦታ ላይ ይቆረጣል። ጥምዙ እኩል ሆነ ማለት ግን ጎፈሬው ክብ ይሆናል ማለት አይደለም።

እርጥብ ፀጉር የሚቆረጥበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ሪላክሰር (ፀጉርን ሉጫ የሚያደርግ ኬሚካል) ትቶ የራሱን ፀጉር የሚያሳድግ ሰው። ውሃ ሲረጭበት አዲሱ ይጠቀለላል፣ አሮጌው ሉጫ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ድንበሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። የሚበጠሰውም እዚያ ድንበር ላይ ነው። በአንዴ ማንሳት የከበደው በየሁለት ወሩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያንሳ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ድንበሩ ላይ ላስቲክ አይሰር።

የተሰነጠቀ ጫፍ ብቻ ለማንሳት ቅርጽ መንካት አያስፈልግም። በመስኮት ብርሃን፣ ጥቁር ፀጉር ከሆነ ነጭ ፎጣ ይዛችሁ ትንሽ ትንሽ ዘርጉበት። ሁለት የተከፈለ፣ ነጭ ነጥብ ያለው፣ በራሱ ላይ የተቋጠረ ታገኛላችሁ። ከስንጥቁ ወይም ከቋጠሮው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ቁረጡ፤ ስንጥቁ ላይ ከተቆረጠ የቀረው ግማሽ መሰንጠቁን ይቀጥላል። መልሶ የሚያጣብቅ ቅባት የለም። መቆረጥ ፀጉርን ያፋጥናል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ የሚያድገው ከሥሩ ነው፣ ቁርጡ የሚያደርገው ከጫፍ የሚበጠሰውን መቀነስ ነው።

ስትጨርሱ ዕለቱን አታስተካክሉት። እጠቡትና እንደ ወትሮው ሠርታችሁት አንድ ሁለት ጊዜ ይዋል፤ አዲስ የተቆረጠ ጥቅልል ቦታውን እስኪይዝ ረጅም የመሰለው ብዙ ዘለላ ራሱ ይሰበሰባል። ለመያዣ ከሱቅ ጄል ይልቅ የተልባው ይበቃል። ሩብ ኩባያ ተልባ በ2 ኩባያ ውሃ፣ እየተማሰለ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈላል፤ ከማንኪያ ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝረከረክ ይወርዳል። ትኩስ እያለ በቀጭን ስቶኪንግ ይጠለል፣ ከቀዘቀዘ ንፍጡ አያልፍም። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋ።