ርግቧ፣ ዲሹ እና የእትዬ ድራማ

መጋቢት ከገባ አዲስ አበባ ላይ ልብስ ማጠብ ቁማር ነው። ጠዋት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን፣ መጋረጃውን ሁሉ አጥባ በረንዳ ላይ ታሰጣለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በፉሪ ተራራ በኩል ያለው ሰማይ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ በልጉ ይለቀዋል፤ አንዳንዴም ከነበረዶው። የክረምቱ ዝናብ ጨዋ ነው። ሐምሌ ሲገባ እንደሚመጣ አገር ያውቃል፣ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። የበልጉ ግን የሚመጣው ጃንጥላህን ቢሮ ረስተህ በወጣህ ቀን ነው።

"ወሎና ሰሜን ሸዋ ያለው ገበሬ እኮ ይህን ዝናብ በጸሎት ነው የሚጠብቀው። የበልግ ገብሱ የሚበቅለው በዚህ ነው" አልኳት፣ የረጠበውን ብርድ ልብስ አብረን እየጨመቅን።

"ታዲያ እዚያው አይዘንብላቸውም?" አለች።

የምንኖረው ጀሞ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ሕዝቡ ሁሉ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞር እኛም ዲሻችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን እንዲያንጋጥጥ አድርገነው ነበር። ከእሱ ላይ ለጎረቤትም መስመር ተስቧል። ከዲሹ ጀርባ፣ በብረቱና በግድግዳው መሃል፣ ለምንም የማትሆን ጠባብ ቦታ አለች። እዚያ ርግብ ገባችበት።

አስፋልት ላይ ስትለቅም የምናያት ግራጫዋ አይደለችም። የዱሯ ናት። ጀርባዋ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ ነው። ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ዐይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ አላት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨፍር ያደረች ትመስላለች። መልኳን ያህል ግን ሙያ የላትም። ጎጆ ብላ የሠራችው ጥቂት ጭራሮ፣ አንድ የሽቦ ቁራጭና ከእኛ መጥረጊያ የተነቀለ ስንጥር ነው። በሥሩ ሲሚንቶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ነጭ እንቁላሎቿን እሱ ላይ ጣለችና ተቀመጠች።

ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በአካባቢ ሳይንስ "በዚህ ወቅት በአካባቢያችሁ የምታዩትን ጻፉ" ተብላ ስለነበር ተደሰተች። እኔም ከእሷ ብሼ ወንበር አውጥቼ በረንዳ ላይ ተተከልኩ። ዘመን ቆጣሪዎቹ ጸደይ የሚሉት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር "የጸደይ ወራት" ይለናል። የእኛዋ ርግብ ከዘመን ቆጣሪዎቹ ጋር ናት። ርግቦች በተራ እንደሚታቀፉም ያወቅሁት ያኔ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ወንዱ ይቀመጣል፣ አመሻሽ ላይ ሴቷ ትተካውና ሌሊቱን እሷ ታድራለች። ይህን ለባለቤቴ በመንገሬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ሳህን በተጠራቀመ ቁጥር "የርግቡ አባት እንኳ ተራ ይገባል" ትለኛለች።

አንድ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ርግቧን ልያት ብዬ የበረንዳውን መብራት አበራሁ። በሩ ክፍት ነበር። ለካ የአሸን ቀን ኖሯል። "እንደ አሸን ፈላ" ሲባል ስሰማ ኖሬ ሲፈላ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከመሬት ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ምን እንዳመጣው እሱ ይወቀው። አምፖሉን ዞሮ ዞሮ ሲበቃው ክንፉን ይጥልና ወለሉ ላይ በእግሩ ይሄዳል። መብረሩ ለሠርጉ ብቻ ነው። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሬት ይገባና ቤት ይመሠርታል፤ ክንፍ ምን ያደርግለታል? ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ግን ሠርጉን ሽሮአችን ላይ አደረጉት።

"ሁዳዴ እኮ ነው!" ጮኸች ባለቤቴ። "ሽሮው ፈሰከ!"

"ክንፍ ብቻ ከሆነስ? ክንፍ ሥጋ የለውም" አለች ልጄ፣ በማንኪያ እያገላበጠች።

ነገሩ ከእኛ አቅም በላይ ሲሆን እትዬ ተጠሩ። እትዬ የጎን ጎረቤታችን ናቸው። እኛ ፎቅ ላይ እትዬ ከተባለ እሳቸው ናቸው፣ ስም አያስፈልግም። ድስቱን ጎንበስ ብለው መረመሩ። "ባታዩ ኖሮ ይጣፍጣችሁ ነበር" አሉ። "አሁን ካያችሁ ወዲያ ድፉት።" ያን ምሽት ራታችን ዳቦ በሻይ ሆነ። ልጄ ክንፎቹን ሰብስባ ደብተሯ ላይ በሙጫ ለጠፈች። ከሥር "ይህ የበልግ ራታችን ነው" ብላ ጻፈችበት።

አሁን ወደ ጃንጥላው ልምጣ።

የበልግ ዝናብ በቀጥታ አይወርድም፤ በጎን ነው የሚመጣው። በዚያ ሳምንት በዲሹ ሥር እየገባ ርግቧን ይመታት ጀመር። ውሃው ጀርባዋ ላይ እየተንከባለለ ጠብ ጠብ ይላል። እሷ ንቅንቅ የለም። አንገቷን ሰብስባ፣ ዐይኗን አንዴ ከደን አንዴ ገለጥ እያደረገች እኔን ታየኛለች። አንጀቴን በላችው። የባለቤቴን ትልቁን ጃንጥላ አመጣሁና በሲባጎ ከዲሹ ብረት ጋር ጠፍሬ አሰርኩት። ቋጠሮው ያማረ ነበር። በሬ ቢጎትተው አይፈታም።

ያልተፈታውም ለዚህ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተነሣ። ሲባጎው ቢበጠስ ኖሮ ጃንጥላው ብቻውን ይሄድ ነበር። አልተበጠሰም። ጃንጥላው እንደ መርከብ ሸራ ተነፋና ዲሹን ይዞት ዞረ። ብረቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የእኛ ቴሌቪዥን ጠቆረ። ቀጥሎ ከታችኛው ፎቅ "ኧረ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ከግድግዳው ማዶ አንድ ጩኸት።

ሁለት ሰዓት ማለት የእትዬ ሰዓት ነው። በአማርኛ የተመለሰውን የቱርክ ድራማቸውን ያያሉ። በዚያ ሰዓት ስልክ አያነሡም፣ እንግዳ አይቀበሉም። ለወራት ሲጎተት የከረመው የአንድ ሕፃን ጉዳይ ያን ቀን ሊፈታ ነበር። ሰውዬው ትንፋሹን ሰብስቦ "ልጁ የ..." ሲል ነው እኔ ያሰርኩት ጃንጥላ የተነፋው።

በሩ ተደበደበ። ከፈትኩ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሪሞቱን እንደያዙ ቆመዋል።

"ልጁ የማን ነው?" አሉኝ።

"የቱ ልጅ፣ እትዬ?"

"አታድርቀኝ! ልጁ የማን እንደሆነ ዛሬ ሳልሰማ አላድርም!"

ይህ ሁሉ ኮሪደር ላይ ነው፣ በሙሉ ድምፅ። በሮች አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። ፊት ለፊት ያሉት አዲስ ተጋቢዎች አንገታቸውን አወጡ። ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ከኋላዬ ደግሞ ባለቤቴ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ "የምን ልጅ ነው?" አለች።

ባለቤቴ ስትጮህ አልፈራም። ቀስ ብላ ስትናገር ነው የምፈራው።

"ርግቧ ናት" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ርግብ የምትባል ሴት ማን እንደሆነች ማሰብ ሲጀምር ከፊታቸው ታየኝ። ሁሉንም እየመራሁ ወደ በረንዳው ወሰድኳቸው። ዲሹ ምሥራቅን ትቶ የእትዬን መስኮት ያያል። ጃንጥላው ሆዱ ተገልብጦ ይንቦጫረቃል። ርግቧ ደግሞ ደረቅ ብላ ታቅፋለች። ጃንጥላው ሥራውን በደንብ እንደሠራ ልብ ያለ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ዲሽ ሰሪ ልጅ ጠራን። መሰላሉን ወጣ፣ ከዲሹ ጀርባ አየት አደረገ፣ ወረደ።

"እንቁላል የታቀፈች ወፍ አለች" አለ።

"አውቃለሁ። አንተ ዲሹን ብቻ አዙረው።"

"ብረቱን ከነቀነቅሁት ጥላው ትሄዳለች። ነውር ነው፣ ጋሼ። ጫጩቶቹ ሲበሩ ይደውሉልኝ።" የታክሲውን ግን ተቀበለኝ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። መልክ የላቸውም። ቢጫ ጭገር እዚህም እዚያም በቅሎባቸዋል፤ ምንቃራቸው ከፊታቸው ይበልጣል። ልጄ "አባቢ፣ ታመው ነው?" አለችኝ። እናትና አባት ከጉሮሯቸው ውስጥ የሚያመነጩትን ነጭ ነገር እያወጡ ያጎርሷቸዋል። የርግብ ወተት እንደሚባል ለእትዬ ብነግራቸው "በሁዳዴ?" ብለው አማተቡ።

እትዬ ግን ያለ ድራማ መክረም አልቻሉም። መላ አገኙ። ሐዋሳ ያለች ታናሽ እህታቸው ቴሌቪዥኗ ፊት ተቀምጣ በስልክ ትተርክላቸው ጀመር። ኔትወርኩ የሚይዘው የእኛ በረንዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሲሆን መጥተው በእኔ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ ላውድ ላይ ነው። "ገባች... አየችው... ኧረ ምን ለብሳ ነው ይቺ ደግሞ... አሁን ሊናገር ነው..." ሴትየዋ ከተዋናዮቹ ትበልጣለች። እያለቀሰች ትተርካለች፣ መሃል ላይ ትራገማለች። ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ዲሹን ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

ከፋሲካ በኋላ ጫጩቶቹ በረሩ። ዲሽ ሰሪው መጥቶ ዲሹን አስተካከለ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። እትዬን ራሴ ሄጄ አበሰርኳቸው። ያን ማታ ቤታቸው ሆነው ማየት ጀመሩ፤ ማስታወቂያው ሳይደርስ ግን ነጠላቸውን ደርበው መጡ።

"ይኼ ብዙ ዝም ይላል" አሉ፣ ወንበሬ ላይ እየተመቻቹ። "እህቴ ብታወራው ይሻላል። ለመሆኑ ካርድ ሞልተህልኛል?"

ሞልቼ ነበር። አሁን ደግሞ ካርድ ቶሎ ያልቃል ብለው የወር ጥቅል እንድገዛላቸው አዘውኛል፤ የማታውን።