ቸኩዬ «ይቅር ይበሉ» ያልኩ ቀን

ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የመንፈሳዊ አማካሪነት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ከታማሚዎቹ አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው፤ ያደጉት በርሚንግሃም፣ አላባማ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት፣ የነጭ የበላይነት አራማጆች የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን በቦምብ ሲመቱ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። እሳቸው ያኔ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የቤታቸው መስኮት ሲንቀጠቀጥ ያስታውሳሉ።

እኔ ግን ቸኮልኩ። «ይቅር ይበሏቸው፣ ሰላም ያገኛሉ» አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቦምብ ጣዮቹ የመጀመሪያው የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ የመጨረሻው በ2002። ይቅርታ የጠየቃቸው ማን አለና ነው እኔ ይቅር ይበሉ የምለው? ደግሞ እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ከበር የመለሰኝ ሰው አልነበረም። ይህን ሳላስብ አፌን መክፈቴ ዛሬም ያመኛል።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ መዝሙር 13ን አነበብኩላቸው፤ ዳዊት እግዚአብሔርን «እስከ መቼ?» እያለ ደጋግሞ የሚሞግትበትን። «እንደገና አንብበው» አሉኝ። ሦስቴ አነበብኩት።

በሦስተኛው ላይ አለቀሱ። ስለ እናታቸው ነገሩኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እናትየው የልጃቸውን እጅ ለቀው አያውቁም ነበር፤ ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት እንኳ።

እኔም ዝም ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።