አንዲት ልጅ፣ ሦስት መልክ

ስቱዲዮዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ፍላሽ፣ ሙቀቱን የማይችል አንድ ቬንትሌተር። ሐምሌ ላይ አንዲት እናት ተመራቂ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷን ብቻዋን ሰማያዊ መጋረጃ ፊት አነሳኋት። ከዚያ ብርቱካናማ ድሪያ ከለበሰችው እናቷ ጋር ተቃቅፈው። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ ወንድሟ ጋር።

ፎቶው ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር እናትየው ዝም ብላ አየችው።

«አንተ፣ እኔ ይቺን ልጅ አንዴ ነው የወለድኳት። እዚህ ሦስት አድርገሃታል።» (ድሬ ላይ አንቱ መባባል የለም፤ እኔም አንቺ ነው የምላት።)

እውነቷን ነው። አንዱ ላይ ቢጫ ወባ የያዛት ትመስላለች፣ አንዱ ላይ ብርድ የመታት። ድሬዳዋ ላይ ብርድ!

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለም የሚያስተካክልበትን) ኦቶ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ እንዲገምት ትቼዋለሁ። ኦቶ የሚገምተው ፍሬሙ ውስጥ ካለው ቀለም ተነስቶ ነው። ድሪያው ሲበዛበት «መብራቱ ቢጫ ነው» ብሎ ሰማያዊ ይጨምራል። መጋረጃው ሲሞላበት ደግሞ ወደ ቢጫ ይጎትታል። ፍላሹ ግን ያው ነው፤ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ፣ ከቀትር ፀሐይ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ዋይት ባላንሱን አንድ ቦታ ማሰር ነው። ዋይት ባላንስ ምርጫው ውስጥ ያለችው የፍላሽ ምልክትም ትሠራለች፤ ብቻ ካኖን ላይ 6000 ገደማ፣ ኒኮን ላይ 5400 ናት። የኔ ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰው ሣጥን) ደግሞ አርጅቶ ጨርቁ ቢጫ ሆኗል። አከራዬ የቀባው አረንጓዴ ግድግዳም ጉንጭ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ለቀረው ካሜራው ቀለም የሚለካበት ግራጫ ካርድ ገዛሁ።

ካርዱን ተነሺው ራሱ ፊቱ አጠገብ ይይዘዋል። ፍላሹ እየበራ ካርዱ ፍሬሙን እስኪሞላ ቀርቤ አነሳለሁ፤ ከዚያ ከስተም ዋይት ባላንስ ውስጥ ገብቼ ያንን ፎቶ እመርጣለሁ። በወረቀት ወይም በነጠላ አትሞክሩት። ወረቀትም፣ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ልብስም ማንጫ ስላለበት ፍላሽ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራው እሱን ላርም ሲል ሰውየውን ቢጫ ያደርገዋል።

የጣሪያው አምፖል ፎቶው ላይ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ፍላሹን አጥፍቼ በ1/125 ሰከንድ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 አንድ አነሳለሁ። ጥቁር ከወጣ አምፖሉ አያገባኝም። በሮው (ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ማንሳትማ በኋላ ለማረም ይመቻል፤ የኔ ሃርድ ዲስክ ግን ሞልቷል።

ቤተሰቡን መልሼ በነጻ አነሳኋቸው። ልጅቷ ካርዱን አገጯ ሥር ይዛ «እስረኛ መሰልኩ» ብላ ስትስቅ አነሳኋት። እናትየው ከሁሉም ያንን ፎቶ መረጠች። የሙከራ ነው ብላት አልሰማ አለች። አጠብኩላት።