ጥርት ያለችው ክብ

የተክል ቅጠልና ዘር ባክቴሪያ ይገድሉ እንደሆነ እየሞከርን ነው። ዛሬ ጠዋት ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ያሳደግንባቸውን ሳህኖች ስንከፍት ጓደኛዬ "ቅጠሉ ሠራ!" ብላ ጮኸች። የቅጠሉ ጭማቂ በነካት ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያው አልበቀለም፤ ጥርት ያለች ክብ ትታያለች። የዘሩ ዙሪያ ግን ድፍን ነው።

የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ሦስተኛዋ ወረቀት ነበር። እሷን የነካት የቅጠሉንና የዘሩን ጭማቂ ያወጣንበት ማሟሚያ፣ ኢታኖል (አልኮል) ብቻ ነው፣ ተክል የለባትም። ኢታኖል ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። እሷም ክብ ብትሠራ ኖሮ፣ የገደለው ቅጠሉ ነው ማለት አንችልም ነበር። አልሠራችም! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ዘሩንም አልተውነውም። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ፣ ሙቀት አርቴሚሲያ የተባለውን ተክል ኃይል እንደሚያጠፋ ጠርጥረው እ.ኤ.አ. በ1971 ኤተር በተባለ ሌላ ማሟሚያ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ጭማቂውን አወጡት። ያኔ ሠራ። እኛም ዘሩን በሌላ ማሟሚያ እንሞክረዋለን። ቅጠሉን ደግሞ የመርዛማነት ምርመራ ይጠብቀዋል።