ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ሴሊያክ ሲኖርበት፦ ከወፍጮ እስከ መሶብ

ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚያስቆጣበት በሽታ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች የበርካታ ጤፍ ዓይነቶችን ፕሮቲን መርምረው የሴሊያክ ሕሙማንን አንጀት የሚያስቆጣው ክፍል እንደሌለባቸው አሳይተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ጤፉ ከአውድማ ተነሥቶ እንጀራ እስኪሆን ባለው መንገድ ላይ ነው። በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖሩ፣ እስካሁን የተጣራውን አሠራር እነሆ።

ከሁሉ በፊት፦ የቀሩት የቤቱ ሰዎች ሳይመረመሩ ስንዴና ገብስ እንዳያቆሙ። ቲቲጂ የሚባለው የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ስለሆነ፣ ካቆሙ በኋላ የሚወጣው ውጤት ያሳስታል። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ምልክት ባይታይባቸውም ይመርመሩ፤ ከ10 እስከ 15 የቅርብ ዘመዶች በአንዱ ይገኛል። ሌላው ሁሉ ነጻ ሆኖ አንዱ ብቻ መታመሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሴሊያክ የሚያጋልጠውን ጂን ከሚሸከሙት አብዛኞቹን በሽታው ዕድሜ ልካቸውን አይነካቸውም።

አንድ ሒሳብ ግን ቤቱ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከግሉተን ነጻ የሚባለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበት ምግብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡ 600 ሚሊግራም ያህል ግሉተን አለ። ያች አንድ ማንኪያ ጤፍ ውስጥ ብትገባ ድብልቁን ወደዚያ ልክ ለማውረድ 30 ኪሎ ጤፍ ያስፈልጋል። "ለማለስለሻ ያህል ነው" ተብሎ የሚደባለቅ ስንዴ ወይም ገብስ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ማብሰልና ማቡካትም አያድኑም፤ ግሉተን ፕሮቲን እንጂ ጀርም ስላልሆነ እሳት አይገድለውም፣ እርሾም በልቶ አይጨርሰውም።

እህሉ። ስንዴና ጤፍ በአንድ አውድማ ስለሚወቁ ጤፍ ውስጥ የስንዴና የገብስ ፍሬ መገኘቱ የተለመደ ነው። ደግነቱ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ያህል ስትሆን የስንዴዋ 6 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ጤፉን ሳይፈጭ በቀጭን ወንፊት ሁለት ጊዜ መንፋት ሙሉ የስንዴ ፍሬዎቹን ከላይ ያስቀራል። የተሰባበረው ግን ያልፋል፤ ስለዚህ ሲገዙ እፍኝ ጤፍ ነጭ ወረቀት ላይ በትኖ ማየት፣ ስንዴ የበዛበትን ከጅምሩ መተው ነው።

ወፍጮ ቤት ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ ብዙ ቤቶች የሚሸነፉት እዚህ ነው። የቀደመው ሰው ስንዴ በድንጋዮቹ መካከልና ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንዱን ማሽን ለጤፍ ብቻ የሚያሠራ ወፍጮ ቤት ከተገኘ ራቅ ቢልም እዚያ መሄድ ያዋጣል። ካልተገኘ ባለ ወፍጮውን ድንጋዩ የሚወቀርበትን ቀን ጠይቆ፣ ተከፍቶ ተጠርጎ ሲያበቃ የመጀመሪያ ተፈጪ መሆን። ያን ቀን 50 ኪሎ አስፈጭቶ ማስቀመጥ በየሳምንቱ 5 ኪሎ ይዞ ከመመላለስ በብዙ ይበልጣል። ሦስተኛው መንገድ መጀመሪያ 5 ኪሎ በቆሎ ወይም ማሽላ አሳልፎ ያንን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ መተው ነው። ከምንም ይሻላል፤ አስተማማኝ ግን አይደለም። ጆንያውም አዲስ ይሁን፤ ፉርኖ ዱቄት የነበረበት ጆንያ ድካሙን ሁሉ ያጠፋል።

እርሾ። ከጎረቤት መዋስ እዚህ ላይ ይቁም። 2 ብርጭቆ የተጣራ የጤፍ ዱቄት በ3 ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ በአዲስ ዕቃ መክደን፣ ከላይ የሚጠልለውን ውኃ በየቀኑ እየቀነሱ በንጹሕ መተካት። ሙቀት ካለ በ3 ቀን ይነሣል፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርድ 4 ወይም 5 ቀን ይፈልጋል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ጥቂት ይሆናል፣ ሦስተኛው ጋገራ ላይ ይስተካከላል። አብሲቱን ከሊጡ ከ10 አንድ እጅ ወስዶ በሦስት እጥፍ ውኃ እስኪወፍር ማማሰልና ጣት የሚችለው እስኪሆን አቀዝቅዞ መመለስ ነው። ትኩስ ሆኖ ከገባ እርሾው ይሞትና እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። አብሲቱ ካነሰ ደግሞ ጠርዙ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ስንዴ ለመጨመር የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው፤ መፍትሔው አብሲቱን መጨመር ነው።

ምጣድ ሸክላ ነው፣ የነካውን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ አምባሻና የስንዴ ቂጣ የተጋገረበትን አጥቦ ማንጻት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ሸክላውን ብቻ ለውጦ በጎመን ዘር ማሟሸት ይበቃል። ማሰሻው፣ ሰፌዱና ቡሃቃው አዲስ ይሁኑ። ሰፌድና ወንፊት በምንም አይጸዱም፤ የሰፌዱን ጠርዝ በቀይ ክር መስፋት ለሠራተኛም ለእንግዳም ግልጽ ምልክት ነው። አሮጌው ምጣድ ለዳቦ ይቅር።

ሽሮና በርበሬ የሚረሱ ናቸው። ሽሮ የሚፈጨው ብዙ ጊዜ በሶ በሚፈጭበት ማሽን ነው፤ በሶ ደግሞ ገብስ ነው። ሽምብራውና አተሩ ገብስ ቆሎ ባልተቆላበት ምጣድ ይቆላ፣ ከመቆላቱም በፊት በእጅ ይለቀም።

ገበታው ላይ የምንመክረው ሰውየውን ለይቶ ለብቻው ማብላት አይደለም፤ ስንዴውን መለየት ነው። እንጀራው፣ ሽሮውና በርበሬው ለቤቱ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ መሶቡ የጋራ ሆኖ ይቀጥላል። ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ ብስኩትና የአጃ ገንፎ አንድ ጥግ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጡ፤ ከላይ ከሆኑ ፍርፋሪው ይወርዳል። ቁርስ ላይ የቡላ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ሩዝ አለ። ጠላና ቢራ ገብስ ናቸው፤ ጠጅ በማር፣ በጌሾና በውኃ ብቻ ከተጣለ ችግር የለውም።

ጉርሻ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ድፎ የቆረሰ እጅ የሚያጎርሰው እንጀራ አይበላም፤ ጉርሻ መመለስ ግን ይከብዳል። ታላላቆችን ቀድሞ "እጅዎን ታጥበው ያጉርሱኝ" ማለት ፍቅሩንም ጤናውንም ያተርፋል። በዓል ቀን ዳቦው የሚቆረሰው ሌላ ክፍል ወይም ግቢ ውስጥ ቢሆን ዱቄትና ፍርፋሪ ገበታው ላይ አይደርስም። ቁርባን የስንዴ ነው፤ ለሚቆርብ ሰው ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

የታማሚው የደም ምርመራ በ6 ወርና በዓመት ይደገም፤ ከብረትና ከቫይታሚን ዲ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ቁጥሩ ወደ ልኩ እስኪመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ነገር ግን እየወረደ መሆን አለበት። በ6ኛው ወር ፈቀቅ ካላለ ሐኪም ጋር ሲሄዱ ዱቄቱ የት እንደተፈጨ፣ በርበሬው ከየት እንደተገዛ ጽፎ መያዝ። መጀመሪያ የሚፈተሸው ወፍጮው፣ ቀጥሎ በርበሬው ነው።