ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው በሶ

ዛሬ ረቡዕ ማታ ደብሮኛል። ኳስ ሜዳ ላይ እግሬ ከዳኝ። ከእረፍት ከተመለስን አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በግራ መስመር ኳስ ተጣለልኝ፤ ልቤ ቀድሞ ሮጠ፣ እግሬ ግን እዚያው ቀረ። ቀዩ ልጅ ጠጋ ብሎ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። ባዶ ነበርኩ።

ተቀይሬ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ስቀመጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። እሁድ እንዲህ አልሆንም። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከእነዚያው ልጆች ጋር፣ በ10 ሰዓት ጀምረን እስኪመሽ እሮጣለሁ። ዕድሜዬ ነው እያልኩ ነበር የከረምኩት፤ ዕድሜ ከሆነ ግን እሁድም ይታወቅ ነበር።

በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድ የሰዓት ጾም የለም። ከፍስክ እንከለከላለን እንጂ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንጀራዬን በምስር በደንብ በልቼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ነው ሜዳ የምገባው። ረቡዕ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም። 9 ሰዓት ሲሆን ሥራ ይይዘኝና 11 ሰዓት ላይ ሽሮዬን ከነዘይቱ እየተጣደፍኩ ጎርሼ በ12 ሰዓት ኳስ እመታለሁ። ያ ምግብ ገና ሆዴ ውስጥ ነው፤ መቼ ጉልበት ሆነ? ጡንቻና ጉበት ለሩጫ የሚያስቀምጡት ስንቅ ከእንጀራው፣ ከገብሱ፣ ከድንቹ የሚገኝ ነው። እንደኛ ያለ ፈትለክ፣ ቆም፣ ደግሞ ፈትለክ የሚባልበት ጨዋታ ያንን ስንቅ ቶሎ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ጥሙ አለ።

ጓደኞቼ ጾሙን ተወው ይሉኛል። አልተወውም። ጠግቦ የተበላ ምግብ ከጨዋታ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከ9 እስከ 12 ደግሞ ልክ ሦስት ሰዓት ነው። ጾሙ ጊዜውን ሰጥቶኛል። የማልበላው እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የእማዬን የበሶ ቆርቆሮ ነው። ለገና ሄጄ ስመለስ ያስያዘችኝ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረው። ከፈትኩት፤ የታመሰ ገብስ ሽታው ቤቱን ሞላው። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ውሃ። ካልመቱት ከታች ይጓጉላል፤ እማዬ ማንኪያውን ብርጭቆው ግድግዳ ላይ እየጨፈለቀች ነበር የምትበጠብጠው። ይኸው በ9 ሰዓት ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ሊጠጣ የሚችል ምግብ፣ ስንት ረቡዕ ሙሉ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ!

ልጅ ሆነን ለመንገደኛ ጭብጦ ታደርገው ነበር። ዘይትና ጨው ጣል አድርጋ በመዳፏ ስትጨብጠው የጣቶቿ ምልክት በላዩ ላይ ይቀራል። እኔ የምበላው የጣቷን ምልክት እየተከተልኩ ነው። እሷ ግን ያን ጊዜም እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ፈልጣ፣ ቆማ አስቀድሳ፣ ለእኛ ምሳ አቅርባ። እኔ ለአንድ ሰዓት ኳስ ጉልበት አጣሁ ብዬ ሳዝን፣ እሷ ያንን ሁሉ በምን ጉልበት ነበር የምትሠራው? አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። 9 ሰዓት ሲሆን ራሷ ምን እንደምትበላ እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው ለእኛ ያቀረበችውን ነው።

በሶው ቢበዛ ለአራት ረቡዕ ይበቃኛል። ጾሙ ገና ነው። አልቋል ብላት ነገውኑ ገብስ በውሃ ታርሳለች፣ ትሸከሽካለች፣ ምጣዱ ላይ ቁጭ ብላ ታምሳለች፤ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ደግሞ ጭስ አጠገብ እንዳትደርስ ተብላለች። አላለቀም ብላት «አልበላኸውም ማለት ነው» ብላ ታዝናለች። ቅዳሜ ስትደውል ምን ልበላት?